ሥራ መሃል ጥሪ ሲመጣ፦ ኮምፒውተር የተቋረጠን ሥራ እንዴት ይይዛል?

አንድ አርሶ አደር አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ወፍጮ ቤት ደረሰ። ተራውን ጠብቆ እህሉ መፈጨት ጀመረ። ግማሽ ያህሉ ዱቄት እንደኾነ ከሰፈር አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ "ከብቶቹ ሰብል ውስጥ ገብተዋል" አለው። አርሶ አደሩ እህሉ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ቢቆም ሰብሉ ይበላበታል። ሁሉን ትቶ ቢሮጥ ደግሞ ሲመለስ የትኛው እንደተፈጨ፣ የትኛው እንዳልተፈጨ ማወቅ ይኖርበታል። ሳያጣራ "ከመጀመሪያው ይፈጭልኝ" ቢል የተፈጨው ዱቄት እንደገና ወፍጮ ውስጥ ይገባል፤ "ተፈጭቶ አልቋል" ብሎ ጭኖ ቢሄድ ደግሞ ግማሹ ጥሬ እህል ኾኖ ቤት ይደርሳል።

ይህን የመሰለ ፈተና በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ዘወትር ያጋጥማል። አንድ ፕሮግራም አንድን አገልግሎት ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ሳለ ሌላ አስቸኳይ መልእክት ይደርሰዋል። የጀመረው ሥራ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ? ከመጀመሪያው ይደገም? ካቆመበት ይቀጥል? ወይስ "አልተሳካም" ተብሎ ለጠያቂው ይነገር? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የኮምፒውተር ጠበብትን በሁለት ጎራ የከፈለ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር ምንጭ ኾኗል። የተሰጡት መልሶችም ዛሬ ሰዎች በሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ውስጥ ሥራ ላይ ይገኛሉ።

የሥርዓት ጥሪ ምንድን ነው?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተርን አካላት የሚያስተዳድር መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ማክኦኤስ፣ ሊኑክስ እና አንድሮይድ በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ከርነል ይባላል። የአንድሮይድ ስልኮች ከርነል ሊኑክስ ነው፤ በመኾኑም አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅ እንኳ፣ የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው።

ተራ ፕሮግራሞች የኮምፒውተሩን ማኅደረ መረጃ፣ ስክሪን ወይም ኔትወርክ በቀጥታ መንካት አይፈቀድላቸውም። ይህ ባይኾን ኖሮ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መረጃ ሊያጠፋ ወይም ሊሰርቅ በቻለ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ነገር ከርነሉን ይጠይቃል። "ይህን ፋይል አንብብልኝ"፣ "ይህን መልእክት በኔትወርክ ላክልኝ"፣ "ለአሥር ሰከንድ አስተኛኝ" እንደማለት ነው። ይህ ጥያቄ የሥርዓት ጥሪ፣ በሙያው አጠራር ደግሞ ሲስተም ኮል ይባላል። ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል በገዛ እጁ እንደማያወጣ፣ ጥያቄውን በመስኮት አቅርቦ መልሱን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ጥሪውን አቅርቦ መልስ እስኪመጣለት ይቆማል።

ጥሪዎች በሚወስዱት ጊዜ ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በቅጽበት ይጠናቀቃሉ፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት መጠየቅ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሌሎቹ ግን መቼ እንደሚያልቁ አይታወቅም። ከቁልፍ ሰሌዳ ፊደል የሚጠብቅ ፕሮግራም ሰውየው ቁልፉን እስኪጫን ይቆያል፤ ያም አንድ ሰከንድ ወይም አንድ ቀን ሊኾን ይችላል። ከኔትወርክ መልእክት የሚጠብቅ ፕሮግራምም ላኪው እስኪልክ ይቆያል። በዩኒክስ ልማድ እነዚህ ዝግ ያሉ ጥሪዎች ይባላሉ። የመቋረጥ ችግርም በዋነኛነት የሚያጋጥመው በእነዚህ ላይ ነው።

ሲግናል ማለት አስቸኳይ መልእክት ነው

ሲግናል ከርነሉ ለአንድ ፕሮግራም የሚያደርሰው አጭር ማስጠንቀቂያ ነው። በውስጡ ረዥም ቃል አይዝም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በሊኑክስ ከ1 እስከ 31 ያሉት ቁጥሮች ለመደበኛ ሲግናሎች የተሰጡ ናቸው። ተጠቃሚው በተርሚናል ላይ የኮንትሮል ቁልፍንና የሲ ፊደልን አንድ ላይ ሲጫን 2 ቁጥር ይላካል፤ ትርጉሙም "የጀመርከውን አቋርጥ" ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ የሞላው የማንቂያ ሰዓት ሲደርስ 14 ቁጥር ይመጣል። 15 ቁጥር "ሥራህን ሰብስበህ ውጣ" የሚል የጨዋ ትእዛዝ ሲኾን፣ 9 ቁጥር ግን ይግባኝ የሌለው ነው፤ ፕሮግራሙ ሊከላከለውም ኾነ ችላ ሊለው አይችልም።

ፕሮግራሙ ሌሎቹን አብዛኞቹን ሲግናሎች በሦስት መንገድ ሊቀበላቸው ይችላል። አንደኛው የተለመደው ውጤት እንዲፈጸም መተው ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ መዘጋት ነው። ሁለተኛው ችላ ማለት ነው። ሦስተኛው ማስተናገጃ ማዘጋጀት ነው፤ ማለትም "ይህ ሲግናል ሲመጣ ይህን አድርግ" የሚል አጭር የትእዛዝ ቁራጭ አስቀድሞ መጻፍ ነው። የአርሶ አደሩን ምሳሌ ብንወስድ፣ ማስተናገጃው ሮጦ ሄዶ ከብቶቹን ከሰብሉ ማውጣት ይኾናል።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ፕሮግራሙ የራሱን ስሌት እየሠራ ሳለ ሲግናል ቢመጣ ችግር የለም። ከርነሉ ፕሮግራሙ የደረሰበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ማስተናገጃውን ያሠራል፤ ከዚያም ፕሮግራሙን ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ልክ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ገጹ ላይ ምልክት አድርጎ በር እንደሚከፍትና ተመልሶ እንደሚቀጥል ነው።

ችግሩ የሚነሳው ፕሮግራሙ በሥርዓት ጥሪ መሃል ሲኾን ነው። በዚያች ሰዓት ሥራው ያለው በፕሮግራሙ እጅ ሳይኾን በከርነሉ እጅ ነው። ምናልባት ከርነሉ የተወሰነ መረጃ ቀድቷል፤ ምናልባት ቦታ ቆልፏል፤ ምናልባት ከመሣሪያ ምላሽ እየጠበቀ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የፕሮግራሙን ማስተናገጃ ለማሠራት ወደ ፕሮግራሙ መመለስ አለበት። ማስተናገጃው ደግሞ ሌላ የሥርዓት ጥሪ ሊያቀርብ፣ ወይም ጭራሽ ወደ ተቋረጠው ቦታ ሳይመለስ ወደ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ሊዘል ይችላል። እንዲህ ከኾነ በከርነሉ ውስጥ በእንጥልጥል የቀረውን ሥራ የሚሰበስበው ማን ነው?

ሲግናሉን እስከ ጥሪው ፍጻሜ ማቆየትም መፍትሔ አይኾንም። ጥሪው ሰው ቁልፍ እስኪጫን የሚጠብቅ ከኾነ ማስጠንቀቂያው ለሰዓታት ተቀምጦ ይቀራል። ተጠቃሚው "አቋርጥ" እያለ ፕሮግራሙ አይሰማም ማለት ነው። ስለዚህ ጥሪው መቋረጡ ግድ ነው። ጥያቄው የሚቀረው እንዴት ይቋረጥ የሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ወደ ኋላ መልሶ ማስተካከል

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጨረሻ አይቲኤስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተሠርቶ ነበር። በፒዲፒ-6 በኋላም በፒዲፒ-10 ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራ የነበረ ሲኾን፣ ስሙ ራሱ ከእርሱ በፊት በነበረው ሥርዓት ስም ላይ የተቀለደ ነው፤ የቀደመው "ተስማሚ" ሲባል ይህኛው "የማይስማማ" ተባለ።

የአይቲኤስ መሥራቾች ጥብቅ መርሕ ነበራቸው። አንድ ፕሮግራም በሥርዓት ጥሪ መሃል ሳለ ቢቋረጥ፣ ከውጭ ለሚያየው በጥሪ መሃል እንደኾነ ፈጽሞ ሊታይ አይገባም። ሥርዓቱ ወይ ጥሪውን ፈጥኖ ያጠናቅቀዋል፣ ወይ ደግሞ ፕሮግራሙን ጥሪውን ሊያቀርብ ወደተዘጋጀባት ነጥብ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ማስተናገጃው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ፕሮግራሙ ጥሪውን እንደ አዲስ ያቀርባል፤ መቋረጡንም አያውቅም።

ረዥም ጥሪዎች ግን የተለየ ብልሃት አስፈልጓቸዋል። አንድ ፕሮግራም መቶ ፊደላት ወደ ስክሪን እንዲጻፉለት ጠይቆ አርባው እንደተጻፉ ቢቋረጥና ጥሪው ከመጀመሪያው ቢደገም አርባዎቹ ፊደላት ሁለት ጊዜ ይታያሉ። ስለዚህ ከርነሉ ጥያቄውን ራሱን ያሻሽለዋል፤ "መቶ ፊደል ከመጀመሪያው" የሚለውን "ስድሳ ፊደል ከአርባ አንደኛው" አድርጎ ይተወዋል። ጥሪው እንደገና ሲቀርብ የሚቀጥለው ከቀረው ላይ ነው። ባለወፍጮው የተፈጨውን ዱቄት በአንድ ከረጢት፣ ያልተፈጨውን በሌላ ለይቶ እንደማስቀመጥ ያለ ነው።

ይህ አሠራር ለፕሮግራም ጸሐፊው እጅግ ምቹ ነው። ለከርነሉ ጸሐፊ ግን ከባድ ሸክም ነው። እያንዳንዱ ጥሪ በየትኛውም ነጥብ ላይ ቢቋረጥ እንዴት ወደ ንጹሕ ሁኔታ እንደሚመለስ አንድ በአንድ ታስቦ መጻፍ ነበረበት።

ሁለተኛው መንገድ፦ "ተቋርጧል" ብሎ መንገር

እ.ኤ.አ በ1969 በኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤል ላብስ ኬን ቶምሰን እና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። የእነርሱ መርሕ ቀላልነት ነበር። በጥሪ መሃል ሲግናል ከመጣ ከርነሉ ጥሪውን ይተወዋል፤ ማስተናገጃው ይሠራል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ከጥሪው የሚያገኘው መልስ ስሕተት ይኾናል። የስሕተቱ መለያ ኢ-ኢንተር ሲባል ቁጥሩ 4 ነው። ትርጉሙም "የጠየቅኸው አልተፈጸመም፤ ምክንያቱም በሲግናል ተቋርጧል" ማለት ነው። መድገም አለመድገም የፕሮግራሙ ጸሐፊ ውሳኔ ነው።

በዚህ አካሄድ ከርነሉ ቀለለ፤ ሸክሙ ግን ወደ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተሸጋገረ። እያንዳንዱ ጸሐፊ፣ በእያንዳንዱ ዝግ ያለ ጥሪ ላይ፣ መልሱ ኢ-ኢንተር መኾን አለመኾኑን መፈተሽና እንደገና መጠየቅ ይጠበቅበታል። አንዱን ቦታ የዘነጋ ፕሮግራም ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ይቆይና አንድ ቀን ሲግናል በማይመች ቅጽበት ሲደርስ ያለ በቂ ምክንያት ይወድቃል። እንዲህ ያለ ስሕተት በሙከራ ጊዜ እምብዛም ስለማይታይ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሪቻርድ ጋብርኤል የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጻፉት ታዋቂ ጽሑፍ ላይ ይህንኑ ጉዳይ የሁለት የአሠራር ፍልስፍናዎች ማሳያ አድርገው አቅርበውታል። እንደ ጽሑፉ ትረካ፣ የማሳቹሴትሱ ባለሙያ በዩኒክስ የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ችግር የተበጀለትን መፍትሔ ፈልጎ ያጣል፤ ከዩኒክስ ወገን የኾነውን ባለሙያም ይጠይቀዋል። ያኛውም ችግሩን እንደሚያውቁት፣ ነገር ግን ሥርዓቱን ቀላል ለማድረግ ሲሉ ስሕተቱን ለፕሮግራሙ መንገርን እንደመረጡ ያስረዳዋል። የመጀመሪያው ትክክለኛው መንገድ አይደለም ሲል ሁለተኛው ይበቃል ይላል። ጋብርኤል ከዚህ በመነሳት ቀላሉና ጎደሎው አሠራር ፈጥኖ እንደሚስፋፋ፣ ከተስፋፋ በኋላም ቀስ በቀስ እንደሚሻሻል ተከራክረዋል። የኾነውም እንዲሁ ነው፤ ዩኒክስ ዓለምን ሲያዳርስ አይቲኤስ የታሪክ መዝገብ ኾኖ ቀርቷል።

ማስታረቂያው፦ ለፕሮግራሙ ምርጫ መስጠት

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የዩኒክስን ዝርያ ያዘጋጁ የነበሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ1983 ባወጡት 4.2ቢኤስዲ ላይ አሠራሩን ለወጡት። ሲግናል ያቋረጣቸው የተወሰኑ ጥሪዎች፣ ማንበብና መጻፍን ጨምሮ፣ ከማስተናገጃው በኋላ በራሳቸው እንዲደገሙ አደረጉ።

ለውጡ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላ ፈጠረ። በርካታ ፕሮግራሞች መቋረጡን ኾን ብለው ይጠቀሙበት ነበር። ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም ከኔትወርክ መልስ ከመጠበቁ በፊት የአሥር ሰከንድ ማንቂያ ይሞላል፤ መልሱ ካልመጣ ማንቂያው ጥሪውን ያቋርጥና ፕሮግራሙ "መልስ የለም" ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ጥሪው በራሱ የሚደገም ከኾነ ግን ማንቂያው ይጮሃል፣ ፕሮግራሙም ተመልሶ ይጠብቃል፤ ማብቂያም የለውም። ለአንዱ እንቅፋት የኾነው መቋረጥ ለሌላው መውጫ በር ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ በ1986 በወጣው 4.3ቢኤስዲ ላይ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሲግናል "ጥሪዬ ይደገም" ወይም "ይቋረጥ" ብሎ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ዛሬ በዩኒክስና በሊኑክስ ቤተሰብ የተለመደው አሠራር የዚህ ውጤት ነው። ፕሮግራሙ ማስተናገጃውን ሲያስመዘግብ ኤስኤ-ሪስታርት የተባለውን ምልክት ካስቀመጠ የተቋረጠው ጥሪ ይደገማል፤ ካላስቀመጠ የኢ-ኢንተር መልስ ይመጣል።

ምልክቱ ቢቀመጥም ፈጽሞ የማይደገሙ ጥሪዎች አሉ። ከብዙ ምንጮች መካከል አንዱ እስኪነቃ የሚጠብቁት ሴሌክት እና ፖል የተባሉት ጥሪዎች፣ እንዲሁም ሲግናል እስኪመጣ ለመጠበቅ ብቻ የተሠራው ፖዝ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሲግናልን ለመጠበቅ የቆመ ጥሪ ሲግናሉ ከደረሰ በኋላ እንደገና ቢጠብቅ ትርጉም አይኖረውም።

በሊኑክስ ውስጥ ምን ይፈጸማል?

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ1991 የጀመሩት ሊኑክስ ሁለቱንም ጎራዎች አዋሕዷል ማለት ይቻላል። አንድ ፕሮግራም ከኔትወርክ ለማንበብ ተኝቶ እየጠበቀ ሲግናል ቢመጣ ከርነሉ ይቀሰቅሰዋል። የንባቡን ሥራ የያዘው የከርነል ክፍል ምንም መረጃ እንዳልደረሰና ሲግናል እንዳለ ሲያይ 512 የተባለ የውስጥ ቁጥር ይመልሳል። ይህ ቁጥር ለፕሮግራሙ የሚነገር አይደለም፤ በከርነሉ ክፍሎች መካከል ብቻ የሚተላለፍ "እንደ ሁኔታው ይደገም" የሚል ማስታወሻ ነው።

ወደ ፕሮግራሙ ከመመለሱ በፊት የሲግናል ክፍሉ ማስታወሻውን ያነባል። ፕሮግራሙ ለዚህ ሲግናል ማስተናገጃ ካለውና የመደገም ምልክት ካላስቀመጠ ቁጥሩ ወደ ኢ-ኢንተር ይለወጣል። ምልክቱን ካስቀመጠ ወይም ምንም ማስተናገጃ መሥራት ካላስፈለገ ግን ከርነሉ የፕሮግራሙን የደረሰበት ነጥብ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ አንጎለ ኮምፒውተሮች ላይ የሥርዓት ጥሪን የሚያስነሳው ትእዛዝ ርዝመቱ 2 ባይት ነው፤ ስለዚህ ከርነሉ ከነጥቡ ላይ 2 ይቀንሳል። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲቀጥል ያንኑ ትእዛዝ እንደገና ያገኘዋል፤ ጥሪውም ይደገማል። አይቲኤስ ይጠቀምበት የነበረው ወደ ኋላ የመመለስ ብልሃት በዩኒክስ ቤት ውስጥ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለመተኛት የሚቀርብ ጥሪ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ፕሮግራሙ "ለአሥር ደቂቃ አስተኛኝ" ብሎ በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ለአፍታ ቢቆምና ጥሪው እንዳለ ቢደገም አሥር ደቂቃ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ይህን ለማስቀረት ከርነሉ የማብቂያውን ሰዓት አስቀድሞ ይመዘግባል፤ ሲደገምም የሚጠብቀው የቀረውን ጊዜ ብቻ ነው። "ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንገናኝ" ከማለት "በአራት ሰዓት ተኩል እንገናኝ" ማለት ለተቋረጠ ቀጠሮ የተሻለ እንደኾነው ነው።

ግማሽ የተሠራ ሥራ

ጥሪው ምንም ሳይሠራ ከተቋረጠ መድገሙ ጉዳት የለውም። ከባዱ ከፊል ሥራ ሲኖር ነው። አንድ ፕሮግራም 10 ሺህ ባይት ወደ ኔትወርክ እንዲላክለት ጠይቆ 4 ሺው እንደተላከ ሲግናል ቢመጣ፣ ዩኒክስና ሊኑክስ "ስሕተት" አይሉም፤ "ይደገም"ም አይሉም። የሚመልሱት "4 ሺህ ተልኳል" የሚለውን ቁጥር ነው። ቀሪውን 6 ሺህ ባይት መላክ የፕሮግራሙ ኀላፊነት ነው። ቁጥሩን ሳያይ ሁሉም እንደተላከ የሚቆጥር ፕሮግራም ተቀባዩ ዘንድ ጎደሎ መረጃ ያደርሳል፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው የሚልክ ደግሞ 4 ሺውን ደግሞ ይልካል።

ከዚህም የከፋ ወጥመድ አለ። ፋይልን ለመዝጋት የሚቀርበው ክሎዝ የተባለው ጥሪ በሲግናል ቢቋረጥ ፋይሉ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም? የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች በዚህ ላይ አልተስማሙም። በሊኑክስ ጥሪው ገና ሲጀምር የፋይሉ ቁጥር ነጻ ይለቀቃል፤ ስለዚህ መልሱ ኢ-ኢንተር ቢኾን እንኳ መድገም አይገባም። ኤችፒ-ዩኤክስ በተባለው ሥርዓት ግን ፋይሉ ክፍት ኾኖ ስለሚቆይ መድገም ያስፈልጋል።

በሊኑክስ ላይ በስሕተት የሚደግም ፕሮግራም አደጋው የከፋ ሊኾን ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ፣ በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ባለችው ጠባብ ቅጽበት፣ ነጻ የወጣው ቁጥር ለሌላ ፋይል ተሰጥቶ ሊኾን ይችላል። ሁለተኛው "ዝጋ" የሚለው ትእዛዝ የሚዘጋው እንግዲህ የማያገባውን ፋይል ነው። ሰው የለቀቀውን ቤት ቁልፍ ይዞ ተመልሶ፣ አዲስ ተከራይ የገባበትን በር እንደመቆለፍ ነው።

የኔትወርክ ግንኙነት የሚጀምረው ኮኔክት የተባለው ጥሪም ልዩ ነው። በፖዚክስ ስምምነት መሠረት ይህ ጥሪ በሲግናል ተቋርጦ ኢ-ኢንተር ቢመልስም የግንኙነቱ ጥያቄ አይሰረዝም፤ ከጀርባ ኾኖ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ተገቢው እርምጃ ጥያቄውን እንደ አዲስ ማቅረብ ሳይኾን የተጀመረው የት እንደደረሰ መጠየቅ ነው።

የማይቋረጡ ጥሪዎች

ሁሉም ጥሪ በሲግናል አይቋረጥም። ከርነሉ ከዲስክ መረጃ ሲያነብ መልሱ ቶሎ እንደሚመጣ ስለሚገምት ፕሮግራሙን በማይነቃ እንቅልፍ ያስተኛዋል። በሊኑክስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ይህ ሁኔታ በዲ ፊደል ይታያል። መልሱ በፍጥነት ሲመጣ ማንም አያስተውለውም። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ፋይሉ ያለው በኔትወርክ ማዶ ባለ፣ ምላሽ ባቆመ ኮምፒውተር ላይ ከኾነ ግን ፕሮግራሙ 9 ቁጥር ሲግናል ቢላክበት እንኳ አይሞትም። ተጠቃሚው ያለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይኾናል።

እ.ኤ.አ በ2008 በወጣው የሊኑክስ 2.6.25 ዕትም ላይ ለዚህ መካከለኛ መንገድ ተጨመረ። በዚህ እንቅልፍ ላይ ያለ ፕሮግራም ተራ ሲግናሎችን አይሰማም፤ ገዳይ የኾነው ሲግናል ሲመጣ ግን ይነቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሞት ከኾነ የተቋረጠው ጥሪ ምን መልስ እንደሰጠው የሚያይ አይኖርም። ስለዚህ "ምን ይመለስለት" የሚለው አስቸጋሪ ጥያቄ ራሱ ይቀራል።

ሸክሙ ወደ ማን ይሂድ?

ለዓመታት የፕሮግራም ጸሐፊዎች የኢ-ኢንተርን ፍተሻ በየቦታው በእጃቸው ሲጽፉ ኖረዋል። ኋላ ላይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ራሳቸው ሸክሙን መካፈል ጀመሩ። ፓይተን እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው 3.5 ዕትም የቋንቋው መደበኛ ቤተ መጻሕፍት የተቋረጡ ጥሪዎችን በራሱ እንዲደግም ተደርጓል፤ የጊዜ ገደብ ያለበት ከኾነም የቀረውን ጊዜ አስልቶ ነው የሚደግመው። ማስተናገጃው ራሱ ስሕተት ካስነሳ ግን መድገሙ ይቆማል፤ በዚህም መውጫ በሩ ክፍት ኾኖ ቆይቷል።

በተቃራኒው ጎ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው 1.14 ዕትም፣ ረዥም ስሌት የያዙ ሥራዎችን ተራ ለማስለቀቅ ሲል ራሱ ሲግናል መጠቀም ጀመረ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ መቋረጥ ያላጋጠማቸው ፕሮግራሞች የኢ-ኢንተር መልስ ደጋግመው ማየት ጀመሩ። የቋንቋው አዘጋጆችም ይህንኑ ከዕትሙ ጋር ባወጡት ማስታወሻ አስጠንቅቀዋል። ተኝቶ የቆየ ስሕተት ሁኔታው ሲለወጥ እንደሚነሳ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ለተጠቃሚው ያለው ትምህርት

አርሶ አደርም ኾነ የከተማ ነዋሪ የሥርዓት ጥሪን ጽፎ ላያውቅ ይችላል። ኾኖም ጥያቄው በእጅ ስልኩ ላይ በሌላ መልክ ይገጥመዋል። ገንዘብ እየላከ ሳለ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ስክሪኑ "አልተሳካም" ይላል ወይም ምንም ሳይል ይቀራል። መንስኤው ሲግናል ሳይኾን የመስመር መቋረጥ ቢኾንም መሠረቱ አንድ ነው፤ ጠያቂው መልስ አላገኘም፤ ሥራው ግን ተፈጽሞ ሊኾን ይችላል። ሳያጣሩ መድገም ሁለት ጊዜ መክፈልን፣ ሳያጣሩ መተው ደግሞ ያልተከፈለን ተከፍሏል ማለትን ሊያስከትል ይችላል።

ባለሙያዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት ልምድ የደረሱበት መፍትሔም ለዚህ ያገለግላል። የማይጎዳውን፣ ለምሳሌ ቀሪ ሒሳብ መጠየቅን፣ ያለ ስጋት መድገም ይቻላል። የሚጎዳውን፣ ለምሳሌ ገንዘብ መላክን፣ ከመድገም በፊት ቀሪ ሒሳብን፣ የማረጋገጫ አጭር መልእክትን ወይም የግብይት ዝርዝርን ማየት ይገባል። መልእክቱ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችልም ጥቂት ታግሶ ማጣራት ከመቸኮል ይሻላል።

መቋረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚኾነው ሥራው ምን ያህል እንደተፈጸመ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ወፍጮ ቤት የተመለሰው አርሶ አደርም ከማናቸውም ነገር በፊት ባለወፍጮውን "የቱ ጋ ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።